«ዳይሬክት አድርገው» ከማለታችሁ በፊት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ጉዳዩ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። «ቲቸር ደግሞ በማሽን ምን አገባው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ እኔ ዲፕሎማ ይዤ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ኢንጂነር አይደለሁም፣ የጥገና ባለሙያም አይደለሁም። ግን ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት የገጠመንን ነገር ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ከሰባቱ ሦስቱ «እኛም ቤት እኮ እንደዛው ነው!» አሉኝ። ሁለቱ ደግሞ ማሽናቸውን «ዳይሬክት» አስደርገው ነው የሚጠቀሙት። ሁለቱም ቤት ትንንሽ ልጆች አሉ። ስለዚህ መጻፍ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ስለ እናቴ ትንሽ ልበል፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

እናቴ የምትኖረው ሰበታ ነው። እኔ ቡራዩ፣ ታላቅ እህቴ ሱሉልታ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች ከሌሎቹ ጋር ተዋህደው «ሸገር ከተማ» ተብለዋል፤ በስም የአንድ ከተማ ሰዎች ነን ማለት ነው። በእግርና በታክሲ ሲሆን ግን እኔ በአምቦ መንገድ፣ እናቴ በጅማ መንገድ፣ እህቴ በጎጃም መንገድ ነን። ከቡራዩ ሰበታ ለመድረስ በዊንጌት፣ በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና፣ በዓለም ገና ነው የምሄደው፤ ከአንዱ የሸገር ክፍል ወደ ሌላው ለመሄድ አዲስ አበባን ማቋረጥ አለብኝ። ዝናብና ሰልፍ ከተጨመረበት ግማሽ ቀን ነው። ይህን የምለው እናቴ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ያላለችበት ምክንያት ይሄው ስለሆነ ነው። «ለዚህ ብለህ ከቡራዩ ትመጣለህ እንዴ?» ትላለች።

እናቴ እኛን ያሳደገችው ልብስ አጥባ ነው። በየቤቱ እየዞረች። ሰኞ አንድ ቤት፣ ማክሰኞ ሌላ ቤት። የእኔን የኮሌጅ የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ገንዘብ የከፈለው የሰው አንሶላና የሰው ጂንስ ነው። ራሷ ስትቀልድ «እኔ ያጠብኩት ልብስ ቢቀጣጠል ከሰበታ ተነስቶ ጅማ ይገባል» ትላለች። አሁን ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አይታጠፉም። የቡና ስኒ ለመያዝ እንኳን መጀመሪያ እጇን ሞቅ ባለ ውሃ ታፍታታለች። ሐኪም ያላት አንድ ነገር ነው፦ «ቀዝቃዛ ውሃና መጭመቅ ይቅርብሽ»።

ማጠብ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ከማሸቱ ይልቅ መጭመቁ ነው እጅ የሚጨርሰው። ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ ለሁለት ሰው ይከብዳል። እናቴ ግን ብቻዋን አንዱን ጫፍ በእግሯ ረግጣ፣ ሌላውን ጠምዝዛ ትጨምቀው ነበር።

እና እኛ ልጆቿ ተነጋገርን። የእኔ ዕቁብ ወጣ፣ እህቴ ጨመረች፣ ታናሽ ወንድማችን የቻለውን አዋጣ፣ 7 ኪሎ የሚይዝ ከላይ የሚከፈት አውቶማቲክ ማሽን ገዛንላት። የመጀመሪያው ቀን በርጩማ አምጥታ ፊቱ ተቀመጠች። ውሃ ሲሞላ፣ ሲያሽ፣ ሲያለቀልቅ፣ ሲጨምቅ፣ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየችው። ሟቹ ስዊድናዊ ሐኪም ሃንስ ሮዝሊንግ እ.ኤ.አ. በ2010 ባደረገው ታዋቂ ንግግር ላይ አያቱ ልክ እንደዚህ እንዳደረጉ ተናግሯል፤ ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ቁልፉን ተጭነው ማሽኑ ሥራውን እስኪጨርስ ቁጭ ብለው አዩት። እሱ ያኔ 4 ዓመቱ ነበር። ከማሽኑ የተረፈው ጊዜ ለእናቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሄጃ፣ ለልጃቸው መጽሐፍ ማንበቢያ ሆነ ይላል። ያንን ንግግር ተማሪዎቼን ሳሳያቸው ፈረንጅ ያጋነነው ሊመስላቸው ይችላል። እኔ ግን ሰበታ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ብልሽቱ።

ነሐሴ ላይ ነው። ሰበታ በነሐሴ ልብስ በሦስት ቀንም አይደርቅም፤ ማሽኑ ካልጨመቀው ደግሞ ሳምንት ይፈጅና ይሸታል። እህቴ ከሱሉልታ ለእናቴ ስትደውል ከስልኩ ጀርባ የውሃና የሳፋ ድምፅ ሰማች። «እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» ስትላት «ምንም» አለች። የቀረውን የተናገረችው እናቴ ጋር የምትኖረው የወንድሜ ልጅ፣ የ4 ዓመቷ ሚጣ ናት፦ «አያቴ ልብስ እየጨመቀች ነው፤ ማሽኑ ጢ ጢ ጢ ይላል!»

ለካስ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ማሽኑ ውሃ ይሞላል፣ ያጥባል፣ ውሃውን ይደፋል፤ ልክ መጭመቂያው ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ይጮኻል፣ መስኮቱ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ያወጣል። የመመሪያው መጽሐፍ ላይ ፊደሎቹን ስንፈልጋቸው «ክዳኑ አልተቆለፈም» ማለት ነው። እናቴም ቀስ ብላ ልብሱን እያወጣች በእጇ ትጨምቃለች። ማንንም አላስቸገረችም። እጇ ግን ቅዳሜ ስደርስ አብጧል።

በመሃል አንድ ባለሙያ መጥቶ ነበር። ሰካው፣ ጮኸ፣ ፊደሉን አየ፣ «ቦርዱ ተቃጥሏል፤ አዲስ ቦርድ 14 ሺህ ብር ይፈጃል» ብሎ የማያ 500 ብር ተቀብሎ ሄደ። ካቻቢቴ እንኳን ከቦርሳው አላወጣም። ማንነቱ ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም፤ ይለፍ።

ሁለተኛው የሰፈሩ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው፣ ሰው ይወደዋል። እሱ የመጣው እኔ ባለሁበት ነው። አየት አደረገና «ቲቸር፣ ይሄ የሎክ ጉዳይ ነው፤ ሎኩ ዕቃው አይገኝም። ዳይሬክት አድርጌው በ800 ብር አሁኑኑ ይሠራል» አለኝ።

«ዳይሬክት» ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ ላስረዳ። ከላይ የሚከፈት አውቶማቲክ ማሽን ክዳኑ ላይ ምላስ የሚመስል ነገር አለው። ክዳኑ ሲዘጋ ምላሱ በማሽኑ አናት ላይ ያለች ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ከቀዳዳው ስር ቁልፉ (ሰው ሁሉ «ሎክ» የሚለው) አለ። የመጭመቂያው ሰዓት ሲደርስ ቦርዱ ለቁልፉ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ ትንሽ መወርወሪያ ወጥታ ምላሱን ትይዛለች፣ በዚያው ቅጽበት ውስጡ ያለች ማብሪያ ማጥፊያ ለቦርዱ «ተቆልፏል» ብላ መልሳ ትናገራለች። ቦርዱ ይህን መልስ ካላገኘ ሞተሩን በኃይል አያዞርም። ዳይሬክት ማድረግ ማለት የመልሱን ሁለት ሽቦ ቆርጦ እርስ በርስ ማገናኘት ነው። ከዚያ በኋላ ክዳኑ ተዘጋም ተከፈተም ቦርዱ ሁልጊዜ «ተቆልፏል» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ማሽኑን ውሸት ማስተማር ነው በአጭሩ።

«ወንድሜ፣ እየጨመቀ ሳለ ሰው ክዳኑን ቢከፍተውስ?» አልኩት።

«ማን ይከፍታል ቲቸር? ማዘር ያውቃሉ።»

እናቴም ደግፋው «ልጄ፣ በ800 ብር ከሠራ ምን አለበት? እኔ አልነካውም» አለች።

እኔ ግን ሚጣን ነበር የማየው። ሚጣ «ውሃው ሲዞር ልየው» ብላ በርጩማ ጎትታ ማሽኑ ላይ የምትንጠለጠል ልጅ ናት። እዚያው ቆማ አፏን ከፍታ ትሰማናለች።

እስቲ ቁጥሩን እንሥራው። ክፍል ውስጥ የክብ እንቅስቃሴን ሳስተምር አሁን የምጠቀመው ይህን ነው። መጭመቂያው በደቂቃ 700 ጊዜ ይዞራል እንበል፤ ከዚህ በላይ የሚዞሩም ሞልተዋል። ይህ በሰከንድ ከ11 ጊዜ በላይ ነው። የበርሜሉ ግማሽ ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጠርዙ በሰከንድ 18 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሰዓት ወደ 66 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በአምቦ መንገድ የሚበር ሚኒባስ ቤታችሁ ውስጥ በሳፋ የሚያህል ቦታ ሲዞር አስቡት። ልብሱ ወደ ግድግዳው የሚገፋበት ኃይል ደግሞ ከራሱ ክብደት 137 እጥፍ ይሆናል። 1 ኪሎ እርጥብ ልብስ ከ1 ኩንታል በላይ ሆኖ ይጫናል። ውሃው በቀዳዳዎቹ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ የእናቴ ክንድ ሊያደርገው የማይችለውን የሚያደርገውም ለዚህ ነው።

አሁን የአንሶላው ጫፍ የአንዲት ልጅ እጅ ላይ ቢጠመጠምስ? እጅ ለመሳብ ጊዜ የለም። በሰከንድ 11 ዙር ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ቁልፍ ማሽኑን ለማሳመር የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ ጣት፣ እጅ፣ ክንድ የሚጠብቅ ነው።

«አይሆንም» አልኩ። እናቴ ተቆጣች። «14 ሺህ ብር ከየት ልታመጣ ነው? ወይስ ክረምቱን ሙሉ በእጄ ልጭመቅ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። የመምህር ደሞዝ የታወቀ ነው። በአንድ በኩል የእሷ እጅ አለ፣ በሌላ በኩል የልጅቷ እጅ አለ፣ መሃል ላይ 800 ብርና 14 ሺህ ብር አለ። ልጁም ቆሞ ይጠብቃል።

«10 ደቂቃ ስጡኝ። ምንም ሳንፈታ ዝም ብለን እንየው» አልኳቸው።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ሰው ላንሳ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዚያ በሽታን ሲያጠኑ ሰዎች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። እንዶድ እናቶቻችን ከሳሙና በፊት የሚያጥቡበት ፍሬ ነው። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ወረድ ብሎ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው ነበር። ሴቶቹ በዚያ ወንዝ ለዘመናት ሲያጥቡ ኖረዋል፤ ቀንድ አውጣዎቹን እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ ያጠና ግን አልነበረም። እሳቸው አዩ፣ ጠየቁ፣ ፈተኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምላቸው ይህንን ነው፦ መሣሪያ ከማንሳታችሁ በፊት ዓይናችሁን ተጠቀሙ።

እና ማየት ጀመርን።

አንደኛ፣ ስፒናውን ነቅለን 10 ደቂቃ ቆየን። መብራት እየሄደ እየመጣ የሚያደናግረው ቦርድ አንዳንዴ በዚህ ብቻ ይስተካከላል። መልሰን ስንሰካው ያው ነው። ይሁን።

ሁለተኛ፣ «የሚሠራው ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ውሃ ይሞላል፣ ያሻል፣ ውሃ ይደፋል። እነዚህን ሁሉ የሚያዘው ቦርዱ ነው። ሙሉ በሙሉ የተቃጠለ ቦርድ ይህን ሁሉ አይሠራም። ሞተሩም ሲያሽ ስለሚዞር በሕይወት አለ። ስለዚህ 14 ሺህ ብሩን ለጊዜው ወደ ጎን አደረግነው።

ሦስተኛ፣ አዳመጥን። ሬዲዮ አስጠፋሁ፣ ሚጣንም ዝም አሰኘሁ። መጭመቂያው ላይ ሲደርስ ከክዳኑ ስር «ቀጭ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ቀጭ»፤ ለሦስተኛ ጊዜ «ቀጭ»፤ ከዚያ ጢ ጢ ጢ። ልጁን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ይህ ድምፅ ትልቅ ወሬ ነው። ቦርዱ ኤሌክትሪክ እየላከ ነው፣ ቁልፉም ተቀብሎ እየሞከረ ነው ማለት ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው። መወርወሪያዋ ትወጣለች፣ ግን የምትይዘው ነገር ቦታው ላይ አላገኘችም።

አራተኛ፣ ጎንበስ ብለን ክዳኑን በጎን አየነው። በግራ በኩል በክዳኑና በማሽኑ መሃል የ1 ብር ሳንቲም አይገባም። በቀኝ በኩል፣ ምላሱ ባለበት፣ ሁለት ሳንቲም ተደራርቦ ይገባል። ክዳኑ ጠምሟል!

አምስተኛ፣ እጄን በተዘጋው ክዳን ላይ በቀኝ ማዕዘኑ አስቀምጬ ወደ ታች ተጫንኩት። «ቀጭ!» አለና… ፀጥታ። ከዚያ በርሜሉ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ፈጠነ፣ ማሽኑ በሙሉ ድምፁ ጨመቀ። እናቴ እልል አለች። እውነቴን ነው፣ እልል አለች።

ታዲያ ክዳኑን ምን አጠመመው? ወዲያው ገባን፤ ጀሪካን። ሰበታ ውሃ በፈረቃ ነው፤ በመጣ ቀን ሁሉም ዕቃ ይሞላል። ውሃ የሚቀዳው ልጅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖቹን ከወለሉ ጭቃ ለማራቅ ሁለት ሁለቱን ማሽኑ አናት ላይ ይደረድራቸው ነበር። 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ ነው። ክዳን ደግሞ ጠረጴዛ አይደለም። የኋላው ማጠፊያ ከፕላስቲክ ነው፤ በወራት ውስጥ ተሰነጠቀና ክዳኑ በአንድ በኩል ሰመጠ፣ በሌላው በኩል ተነሳ። ምላሱ ከቀዳዳዋ በጥቂት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ አለ። በሦስት ሳምንት የእናቴን እጅ ያሳበጠው ይህ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። (ለነገሩ የገፈርሳን ግድብ ከጎናችን አድርገን እኛ ቡራዩዎችም ከጀሪካን አልወጣንም፤ እሱ ሌላ ቀን የሚጻፍ ነው።)

የቀረውን ልጁ ሠራው። መርካቶ ወርዶ ከተጣለ ማሽን የተፈታ ማጠፊያ በ400 ብር አገኘ። ቀዳዳዋ ውስጥ የደረቀ የዱቄት ሳሙና እንደ ኖራ ተጋግሮ ስለነበር በአሮጌ ጥርስ ብሩሽና በሞቀ ውሃ አጸዳው። ብሎኖቹን አጠበቀ። የእጁን 600 ብር ከፈልኩት። በጠቅላላው 1 ሺህ ብር፤ ሽቦ አልተቆረጠም፣ ቁልፉም እንደ ፋብሪካው ነው።

ቡና ሲፈላ ልጁ ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ዳይሬክት የምናደርገው ክፉ ሆነን አይደለም። ዕቃው አይገኝም፣ ሲገኝ ውድ ነው፣ ሰው ደግሞ ዛሬውኑ እንዲሠራለት ነው የሚፈልገው። እዚህ ሰፈር ብቻ ስድስት ማሽን ዳይሬክት አድርጌያለሁ።» ከዚያ በጣቱ ቆጠረና «አራቱ ቤት ልጅ አለ» አለ። ማንም ምንም አላለም። ልጁ እውነቱን ነው፤ ጥፋቱን እሱ ላይ ብቻ መጫን ቀላል ነው። ዕቃ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ጊዜ የለም። ሥራውን ግን ያውቃል፤ ያስፈለገው የሚጠይቀው ሰው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። አራቱም ቤት ሄዷል። ሁለቱ ወደ ነበረበት እንዲመልሰው ፈቅደዋል፤ ከሁለቱ የአንዱ ችግር እንደኛው የሳሙና ግግር ብቻ ነበር። ሁለቱ «እየሠራ ነው፣ አትንካው» ብለው መልሰውታል። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእነዚያ ሁለት ቤቶች ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን የሚጠቅማችሁን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ፤ ያዙት።

1. ማሽኑ «ክዳን/በር» የሚል ምልክት ካወጣ መጀመሪያ ስፒናውን ንቀሉና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

2. ልብስ በዝቶ ክዳኑን ገፍቶት እንደሆነ እዩ። የአንሶላ ጫፍ፣ የካልሲ ክር ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይሆናል። የሳሙና ግግር ካለ በሞቀ ውሃና በብሩሽ አጽዱ፤ ምስማር አትክተቱበት።

3. በስንት ሰዓት ነው እምቢ የሚለው? ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር ከሆነ የመብራቱ ኃይል ወርዶ ይሆናል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል። መስመራችን 220 ቮልት ነው ቢባልም በዚያ ሰዓት ዝቅ ይላል፤ የቁልፉ መወርወሪያም አቅም ያጣል። ረፋድ ላይ ሞክሩት። ረፋድ ላይ ከሠራ ችግሩ የማሽኑ ላይሆን ይችላል፤ ስታቢላይዘር አስቡበት።

4. አዳምጡ። «ቀጭ» ካለና እምቢ ካለ ነገሩ በአብዛኛው የቦታ መሳት ነው፤ ክዳን፣ ማጠፊያ፣ ምላስ እዩ። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ሽቦው፣ ቁልፉ ወይም ቦርዱ ነው። እዚህ ላይ ባለሙያ ጥሩ፤ በቴስተር ይለካ። አይጥ የበላው ሽቦም ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ብዙ ማሽን ከስሩ ክፍት ነው።

5. ከፊት በር ያላቸው ማሽኖች ትንሽ ይለያሉ። ብዙዎቹ በራቸውን የሚቆልፉት በሙቀት ነው። ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ሳህን ሲሞቅ ብረቶቹ እኩል ስለማይለጠጡ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ይቆልፋል። መብራት ቢጠፋም እስኪቀዘቅዝ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይወስዳል። በዚያ መሃል «ተጣበቀ» ብላችሁ እጀታውን አትንጠቁት፤ የሚሰበረው ያኔ ነው። ውስጡ ውሃ ካለ መጀመሪያ ውሃውን በታች በኩል አፍስሱ።

6. ሁለት ሳፋ ያላቸው ማሽኖች (አንዱ ማጠቢያ፣ አንዱ «ድራየር» የምንለው) የመጭመቂያው ክዳን ሲነሳ ሞተሩ መጥፋት፣ በርሜሉም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። ዛሬውኑ ባዶውን ሞክሩት። ክዳኑን አንስታችሁ መዞሩን ከቀጠለ አንድ ሰው ዳይሬክት አድርጎታል ወይም ፍሬኑ አልቋል። እስኪሠራ አትጠቀሙበት።

7. ያገለገለ ማሽን ስትገዙም ይህንኑ ሞክሩ፤ የቀድሞው ባለቤት ያስደረገውን አይነግራችሁም።

8. የኋላውን ሽፋን ራሳችሁ አትፍቱ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ስፒናው ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግራችሁን ቆማችሁ ማሽን አትነካኩ።

9. ክዳኑ ላይ ምንም አታስቀምጡ። ጀሪካንም፣ ሳፋም፣ ምጣድም፣ ልጅም።

10. ባለሙያ «ቦርዱ ነው» ካላችሁ «በምን አወቅህ?» በሉት፤ በትህትና። «ዳይሬክት ላድርገው?» ካላችሁ ደግሞ «አይ፣ አመሰግናለሁ» በሉት። ቀድሞ ዳይሬክት ያደረገላችሁ ካለ ጠርታችሁ አስመልሱት፤ የሚከፈለው ገንዘብ ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ እኛን ያስተማሩን በእጃቸው ነው፤ አሁን እጃቸው ሲደክም ማሽን እንገዛላቸውና ዞር እንላለን። የሆነ ቀን ማሽኑ ይቆማል። እነሱ አይነግሩንም፤ ወደ ሳፋው ይመለሳሉ። ስለዚህ ስትደውሉ «ደህና ነሽ?» ብቻ አትበሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሷ፣ እሱን ታውቁታላችሁ። «ማሽኑ እየጨመቀ ነው?» በሏት። በቤቱ ያለ ሕፃን ካለ ደግሞ እሱን ጠይቁት፤ ልጆች አይደብቁም።

ቤታችሁ ይህ ችግር ያለባችሁ የምታዩትን ምልክትና የምትሰሙትን ድምፅ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን ከሰፈራችን ልጅ ጠይቄ እመልሳለሁ። ማሽን ላለው፣ በተለይ ልጅ ላለው ሰው ሼር አድርጉለት።

ሰላም ዋሉ።